ማሙሽ፣ ድንጋይ አምጣ!

መስቀል ደርሶ ወደ አገር ቤት የወረደ ሰው ይህቺን ትዕዛዝ ሳይሰማ አይመለስም። መኪናው በር ላይ ይደርሳል። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ መስኮቱን ያወርድና አንገቱን አውጥቶ ከተሰበሰቡት ልጆች መካከል ትንሹን ይመርጣል። ‹‹ማሙሽ! እስቲ ድንጋይ አምጣ!›› ማሙሽ ይሮጣል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ድንጋይ ሆዱ ላይ አቅፎ እየተንገዳገደ ይመጣል፣ ከመኪናው ኋላ ገብቶ ጎማው ሥር ይወትፋል፣ ‹‹እሺ፣ ልቀቀው!›› ይላል። ሾፌሩ ይለቃል። መኪናው አንድ ስንዝር ይንሸራተትና ድንጋዩን ይደገፋል። ከዚያ ሁላችንም ወርደን ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› መባባል እንጀምራለን።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት አንድ ቶን ከሚመዝን ብረት ኋላ የቆመው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። መሪውን የያዘው ጎልማሳ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ‹‹ወደ ግራ! ወደ ግራ አድርገው እንጂ!›› እያለ ይቆጣዋል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ እጅ ፍሬን ነው። (‹‹ልጆቹ ርዕስ አለቀባቸው እንዴ?›› ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። አላለቀብንም። ባለፈው መስቀል የደረሰብንን ከሰማችሁ በኋላ ፍረዱን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን በአንዲት ቪትዝ ተጠቅጥቀን በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ ወረድን። ቪትዟ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራች ስትሆን ንብረትነቷ ከመካከላችን የአንዱ ነው። (ስሙን አንጠራም። ጽሑፉን አስቀድመን አሳይተነው ‹‹እሺ፣ ግን ስሜ እንዳይወጣ›› ብሏል።) ይቺ መኪና ቡታጅራ ላይ ቆማ ዘቢዳር ተራራ ላይ ያለ እረኛ የምታስጨፍር ስፒከር አላት። መስታወቷ ጥቁር ላስቲክ ለብሷል። የመሪ ልብስ አላት፣ የወንበር ልብስ አላት፣ ከኋላዋ ሦስት ጥቅስ ተለጥፎባታል። የእጅ ፍሬኗን ስትስቡት ግን እጀታው ክርርርር እያለ ይወጣል፣ ይወጣል፣ እንደ ሰላምታ ሰጪ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መኪናዋ ጉዞዋን ትቀጥላለች።

የጓደኛችን አጎት በር ላይ ዳገት አለ። ያን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ በእግር ሲወጡት ልብ የማይባል ዓይነት ነው። ማሙሽ ተጠራ፣ ድንጋዩ መጣ፣ ተወተፈ፣ ገባን። ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ፣ አይብና ጎመኑ ቀረበ። ሁለተኛው ጣባ ላይ ስንደርስ ከውጪ የሆነ ነገር ጓ! አለ። ወጥተን ብናይ ቪትዟ የለችም። መስከረም ነው፣ መሬቱ ገና አልደረቀም፤ ድንጋዩ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ከነመኪናዋ ወርዷል። ሃያ ሜትር ያህል ቁልቁል ሄዳ፣ የአጎትየውን የታችኛውን አጥር ጥሳ፣ ሁለት እንሰት ገንድሳ ሦስተኛው ላይ ቆማለች። ከኋላ ጎማዋ ሥር የማሙሽ ኳስ ተጨፍልቋል።

ማሙሽ ራሱ እዚያ አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት እናቱ ዳቦ ልትሰጠው ጠርታው ኳሱን ጥሎ ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያች ዳቦ ሳናስብ የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ የተባለውን ስሙ። አንዲት እናት ‹‹የሰው ዓይን ነው›› አሉ። ጎረቤትየው ‹‹እግዜር ነው ያተረፈን›› አሉ፤ በዚህ እንስማማለን። አጎትየው የወደቁትን እንሰቶች ዞረው ዞረው አዩ። እንሰት ደግሞ እንደ ጎመን ዘንድሮ ተተክሎ ዘንድሮ አይበላም፤ ለዓመታት ይጠበቃል። ምንም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። መኪናዋን ገፍተን መልሰን ስናወጣት ግን ለልጆቹ እንዲህ አሉ፦ ‹‹በሉ፣ አሁን ትልቅ ድንጋይ አምጡ!››

ጠባችን ከዚህች ‹‹ትልቅ ድንጋይ›› ጋር ነው። አንድ ነገር ተበላሽቶ ሰው ሊሞት ሲል የምንሰጠው መልስ የድንጋዩን መጠን መጨመር ሆኗል። የተበላሸውን ነገር ልሥራው የሚል ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። እኛም ጭምር! አምስት ‹‹የተማርን›› ሰዎች ቆመን ትልቁን ድንጋይ አመሰገንን፣ ታጠብን፣ ወደ ክትፎው ተመለስን።

በእርግጥ ታኮ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ ከባድ መኪና የእጅ ፍሬኑን ከሳበ በኋላ ታኮ ቢጨምር ጠንቃቃ ሾፌር ይባላል። ታኮ ረዳት ነው። እኛ አገር ግን ረዳቱ ሾፌር ሆኗል። የሚገርመው ደግሞ ሥራውን ጨርሶም አለመነሳቱ ነው። ከወልቂጤ ተነስታችሁ የጅማን መንገድ ይዛችሁ ወደ ጊቤ በረሃ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሙቀቱ ፊት ላይ እስኪመታችሁ ድረስ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ እንደገና መውጣት አለ። እዚያ የተበላሸ የጭነት መኪና ሁሉ ድንጋይ ይደረደርለታል። መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፤ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ሌሊት በሞተር ሳይክል የሚመጣው ሰው ድንጋዩን የሚያገኘው በፊት ጎማው ነው። የአንዱ ሰው የፍሬን ችግር መኪናው ከሄደ በኋላም መንገዱ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

‹‹እኔኮ በማርሽ ነው የማቆማት›› የሚል ወዳጅ አለን። ይህን ክርክር ወልቂጤም ሰምተነዋል፣ ቡታጅራም ሰምተነዋል፣ አዲስ አበባ ላይማ እንደ ሃይማኖት ይታመንበታል። ማርሽ ያግዛል፣ አልካድንም። ግን ማርሽ ላይ የቆመችን መኪና የያዛት ሞተሩ ውስጥ የታፈነው አየር ነው። የሃያ ዓመት ሞተር የፒስተን ፋሻው ስለሚበላ አየሩ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ መኪናዋም ቀስ እያለች ትንቀሳቀሳለች። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ ‹‹ፒ ላይ ናት›› ይባላል። ፒ ማለት ካምቢዮው ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ጥርስ መካከል ገብታ ትቆማለች ማለት ነው። አምስት ሰው፣ አንድ በግና የመስቀል ቅቤ የጫነችው መኪና ክብደት በሙሉ ያቺ ምላስ ላይ ያርፋል። ጠዋት ማርሽ ስታወጡ ጓ! የሚለው ድምፅ ሰላምታ አይደለም። ምላሷ ከዚያ ሸክም ሥር ተፈልቅቃ ስትወጣ የምታሰማው ነው።

‹‹የቪትዝ ጠባይ ነው›› የሚሉም አሉ። የኮሮላ ጠባይ ነው፣ የላዳ ጠባይ ነው፣ የቮልስ ጠባይ ነው! ውሸት ነው። እነዚህ መኪኖች ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጡ ዳገት ላይ ይቆሙ ነበር። ጠባይ የተባለው የእኛ ቸልተኝነት ነው፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው ክርስትና ተነስቶ ‹‹ጠባይ›› ተባለ።

ዳገት ላይ መቆም ማለት ስንት እንደሆነ ደግሞ በቁጥር ይታወቃል። ለአነስተኛ መኪኖች ፍሬን የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13-ኤች የእጅ ፍሬን ብቻውን ሙሉ ጭነት የያዘችን መኪና 20 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ዞራ፣ ማቆም አለበት ይላል። 20 በመቶ ማለት መቶ ሜትር በሄዳችሁ ቁጥር 20 ሜትር መውጣት ነው። ከነተሳፋሪዋ 1200 ኪሎ የምትመዝን መኪና እዚያ ላይ ወደ ታች የምትስበው 235 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ኩንታል ከሰላሳ አምስት። የሾፌሩ እጅ ይህን ለመያዝ ከ40 ኪሎ ብዙም ባልበለጠ ጉልበት መሳብ ይበቃዋል ተብሎ ነው የተሠራው። ካልያዘ ደግሞ አስቡት፦ የዚያን ተዳፋት ግማሽ ብቻ፣ 10 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ የተለቀቀች መኪና 50 ሜትር ስትሄድ ፍጥነቷ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሾፌር የላትም፣ ጥሩምባ የላትም፣ ሞተሯም ስለማይሠራ ድምፅ የላትም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የእግር ፍሬን የሚሠራው በዘይት ነው፤ የእጅ ፍሬን የሚሠራው በካቦ፣ በብረት ገመድ ነው። ሁለቱ እንዲለያዩ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲደጋግም ጎማው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ የቀረው መኪናዋን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ እያወረዱ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ነው። (በአንድ ጊዜ አትመንጭቁት፤ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናዋን ያዞራታል። የእጀታውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ሳብ፣ ለቀቅ።) ጓደኛችን ያን ጊዜ የሚስበው ምን ነበር? ስፒከሩን?

እሺ፣ ይሠራ ከተባለ እንዴት ይሠራል? የእኛ ቪትዝ ከቡታጅራ መልስ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ገባች። (የትኛው እንደሆነ አንነግራችሁም።) መካኒኩ እጀታው ሥር እጁን ሰደደ፣ ብሎኑን በቁልፍ አጠበቀ፣ ‹‹አለቀ!›› አለ። አምስት ደቂቃ። እጀታው ሦስት ጠቅታ ላይ ጠንክሮ ቆመ፤ ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ቀድሞው ሆነ፤ በዚያ ላይ የኋላ ጎማዎቹ መጋል ጀመሩ።

ሌላ መካኒክ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩት ሳቁ። ‹‹ልጆቼ፣ ገመዱ ምን አጠፋ?›› አሉን። ከዚያ ያስረዱን ነገር ሁሉም የአሮጌ መኪና ባለቤት ሊሰማው የሚገባ ነው። ሥራው የሚጀመረው እጀታው ጋ አይደለም፣ ጎማው ጋ ነው። በመጀመሪያ የገመዱ ብሎን ይላላል። ከዚያ የኋላ ጎማ ወልቆ ታምቡሩ ይከፈታል። ሸራው አልቋል? የፍሬን ዘይት ወይስ የአክስል ዘይት ጠጥቷል? ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል፤ የሚያንጠባጥበውም ቦታ ሳይደፈን አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ታምቡሩ ውስጡ ተቦርቡሮ ከንፈር አውጥቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል። ግን እስከ የት ድረስ ሊላጥ እንደሚችል ብዙውን ጊዜ ታምቡሩ ራሱ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ አዲስ መግዛት እንጂ መላጥ የለም። ቀጥሎ ሁለቱን ሸራዎች የሚያራርቀው ባለጥርስ ማስተካከያ ይጸዳል፣ ሸራው ታምቡሩን ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይከፈታል። ገመዱ ከቤቱ ውስጥ ዝጎ ከሆነ ይቀየራል፤ አንዱ ብቻ ሳይሆን የግራውም የቀኙም። እጀታው ጋ ያለችው ብሎን የምትነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች እጀታው ከ5 እስከ 8 ጠቅታ ባለው መካከል መያዝ አለበት።

ገመዱን ብቻ ማጥበቅ ለምን እንደሚጎዳም ነገሩን። ገመዱ ሲወጠር ሸራውን የሚገፋው ክንድ ወደ ማረፊያው አይመለስም። ክንዱ ካልተመለሰ ደግሞ ሸራው ባለቀ ቁጥር ራሱን የሚያስተካክለው ዘዴ ሥራ ያቆማል። ማለትም አምስት ደቂቃ ፈጅቶ ‹‹አለቀ!›› ያለን ሰውዬ የቀረችውንም ገድሎልን ነበር።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ያለው የመኪና ፍቅረኛ ‹‹ለምን ከኋላ ዲስክ አናስገጥምም? ካልሆነ እንደ ራሊዎቹ በዘይት የሚሠራ የእጅ ፍሬን?›› አለ። ሽማግሌው ለሁለተኛ ጊዜ ሳቁ። ታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ ጎማው ሊዞር ሲሞክር ራሱን በራሱ የበለጠ ያጣብቃል፤ ስለዚህ ለማቆም ታምቡር ጎበዝ ነው። ዲስክ ለመቀዝቀዝ ይሻላል፣ ለትንሽ መኪና የእጅ ፍሬን ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። በዘይት የተያዘ ነገር ደግሞ ሲያድር ይላላል፤ ደንቡም ያን ስለሚያውቅ የቆመች መኪና በብረት መቆለፊያ ብቻ ትያዝ ይላል። ከትልቅ መኪና ላይ የተነቀለ ታምቡር ማስገጠምም ያምራቸዋል ብዙዎችን። የፊትና የኋላው ሚዛን ሲዛባ ዝናብ ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል። አሮጌ መኪናን ማሻሻል ማለት መጀመሪያ የነበራትን መመለስ ነው፤ ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ካለ እንነጋገራለን።

አሁን ወደ ቦሎ እንምጣ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ጥሩ ነው። ቪትዟም ያኔ ቦሎ ነበራት! የዚያ ዓመት ተለጥፎባታል! ምርመራው ላይ አብረን ነበርን፦ ‹‹የእጅ ፍሬን ሳበው›› ተባለ፣ ጓደኛችን ሳበው፣ ክርርር አለ፣ ‹‹ይሠራል›› ተባለ። ድምፁ ነው የተመረመረው። እንግዲህ ክርርር የምትለው የእጀታው ጥርስ ናት፤ ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ቢጎተትም ክርርር ማለቷን አትተውም። መርማሪ የሆናችሁ አንባብያን ካላችሁ፣ መሣሪያ እስኪመጣላችሁ ድረስ አንድ ዳገት ፈልጉ። ወልቂጤ ዳገት አላጣችም። መኪናዋ ወደ ላይ ዞራ ትቁም፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ትግባ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ እግር ይነሳ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ፣ ከኋላ ማንም የለም። ከያዘች ቦሎ፣ ካልያዘች ጋራዥ። ይኼ ስንት በጀት ይፈልጋል?

የገንዘቡን ነገር አንዘለውም፤ ምክንያቱም እውነተኛው መከራከሪያ እሱ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። የዕለት ገቢውን ለባለንብረት አስረክቦ የተረፈውን ይዞ የሚገባ የባጃጅ ልጅ ‹‹ካቦ ቀይር›› ሲባል ቢስቅብን አንቀየመውም። ግን ከላይ ከቆጠርነው ሥራ ግማሹ ማጽዳትና ማስተካከል ነው፤ የሚያስከፍለው የመካኒኩን ጉልበት ነው። ስፒከር የሚገዛው ጓደኛችን ደግሞ የዕለት ሠራተኛ አይደለም። ደግሞስ እነዚህን መኪኖች ትተን የት እንሄዳለን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አይግቡ ተባለ። ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ከእኛ ጋር ያረጃሉ። ልጆቻችን ይነዷቸዋል። ስለዚህ ‹‹ልሸጣት ስለሆነ አልሠራትም›› የሚለው ጨዋታም አይሠራም፤ የገዛው ሰው የሚያቆማት ያው ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደን ግን ይህ ነገር በዚያ ምድር መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ከሊስትሮ ሳጥናቸውና ከመርካቶ ሱቃቸው ሳንቲም አዋጥተው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ወደ አገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። መንግሥት እስኪደርስላቸው አልጠበቁም። ዛሬ መስቀል በመጣ ቁጥር ወደ ቡታጅራ የምንጎርፈው እነሱ በከፈቱት በር ነው። እነሱ አገር ከአገር የሚያገናኝ መንገድ በመዋጮ አሠሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሁለት ሜትር ገመድ አቃተን! ዕቁብ እንደሆነ በደማችን አለ። ለሠርግ ዕቁብ፣ ለስልክ ዕቁብ፣ ለሶፋ ዕቁብ እንጥላለን። አምስት መኪና ያላቸው ጓደኛሞች በየወሩ አንድ መኪና እያሉ የፍሬን ዕቁብ ቢጥሉ በአምስተኛው ወር አምስቱም ዳገት ላይ ይቆማሉ።

እኛ ጀምረነዋል። የመጀመሪያው ዕጣ ለቪትዟ ሆነ። (ዕጣ አላወጣንም፤ በድምፅ ብልጫ ነው። ባለቤቱ ብቻ ተቃወመ።) ሽማግሌው መካኒክ ሁለት ቀን ፈጅተው ሸራውንም ገመዱንም ቀየሩ፤ አንደኛው ታምቡር ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣ። ሲጨርሱ ራሳቸው ነድተው ከጋራዡ በላይ ያለው ዳገት ላይ አወጧት፣ ስድስት ጠቅታ ሳቡ፣ ዜሮ አደረጉ፣ እግራቸውን አነሱ። አልተነቃነቀችም። አንዳችን በልማድ መሬት መሬቱን ድንጋይ ስንፈልግ አይተው ‹‹ምን ጠፋብህ ልጄ?›› አሉት።

ለማሙሽ ኳስ ተገዝቷል። በመጪው መስቀል ይዘንለት እንወርዳለን። ሁለተኛው ዕጣ የሚወጣው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው፤ አንዲት የወልቂጤ ዲኤክስ ተራ ይዛለች፣ ቮልስ ያለው አንባቢም ደውሎልናል።